የወንጀል ታሪክን እፎይ በሚያሰኝ መንገድ መጨረስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የወንጀል ልብ ወለድ የሚጽፉ ሰዎች ረቂቃቸውን ሲያሳዩኝ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ይዞኝ ይሄዳል። መሐሉም አያሰለችም። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ነገር ይጎድለኛል። ገዳዩ ታውቋል፣ ታሪኩ አልቋል፣ እኔ ግን ወረቀቱን ካስቀመጥኩ በኋላም ትከሻዬ እንደተወጠረ ነው። ከዚህ በታች ያሉት በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግመው የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ለማስረዳት እንዲመቸኝ አንድ የፈጠራ ታሪክ አብሮን ይጓዛል። አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ሱቃቸው ውስጥ ተገድለው ተገኝተዋል። የገደላቸው ለዓመታት ሙያውን ያስተማሩት ረዳታቸው ነው። እውነቱን የምትደርስበት መርማሪ አለች። አዛውንቱ ያሳደጓት የእህታቸው ልጅም አለች።

«እፎይ የሚያሰኝ» ስንል ደስ የሚል መጨረሻ ማለታችን ነው?

አይደለም። ሰው ሞቷል። አዛውንቱ አይመለሱም። ደስታን ካሳደዳችሁ ወይ ትዋሻላችሁ፣ ወይ ሟቹን ትረሳላችሁ።

እፎይታ ሌላ ነው። አንባቢው ምን እንደተፈጠረ አውቋል። ክፉው ነገር እዚህ ላይ እንደሚያበቃ አምኗል። በሕይወት የቀሩት ሰዎች ነገ ጠዋት ተነስተው መኖር እንደሚችሉም ታይቶታል። ብዙ ጸሐፊ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በደንብ ይሠራል። የሚረሳው የመጨረሻውን ነው።

እኔም ረስቼው ነበር። የመጀመሪያውን ረጅም ታሪኬን ስጽፍ፣ የገዳዩ እጅ ካቴና ውስጥ ሲገባ አራት ነጥብ አድርጌ ዘጋሁት። ቀድማ ያነበበችልኝ ጓደኛዬ የመጨረሻውን ወረቀት አስቀመጠችና «ልጅቷስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ታሪኩን ሁሉ የተሸከመችውን ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ላይ ጥያት ሄጄ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ የወንጀል ታሪክ በጨረስኩ ቁጥር የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የቀሩትስ?

አንባቢ ለምን ይህን ያህል ይፈልገዋል?

ግድያ በታሪክ ውስጥ አንድን ሰው ብቻ አይጎዳም። መተማመንን ይሰብራል። ገዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ሁሉም ሰው ተጠርጣሪ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን በጎሪጥ ያያል። ትናንት በሩን ሳይቆልፍ የሚተኛው ሰው ዛሬ መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ይፈትሻል። አንባቢውም እዚያው መሐላቸው ተቀምጦ አብሯቸው ይጠራጠራል።

በእንግሊዝ የተወለደው ገጣሚ ኦደን እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ መርማሪ ታሪኮች አንድ ድርሰት አውጥቶ ነበር። እሱ ነገሩን ከኤደን ገነት ጋር ያያይዘዋል። የዚህ ዓይነት ታሪክ ወዳጅ የሚመኘው ወደ ገነት፣ ወደዚያ ንጽሕና መመለስን ነው ይላል። ጥፋተኛው ሲለይ ሌላው ሁሉ ከጥርጣሬ ነጻ ይወጣል።

እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን እጨምርበታለሁ። በሐሰት የተጠረጠረ ሰው ካለ «አንተ አይደለህም» መባሉ ብቻ አይበቃውም። ከሱቁ ፊት ለፊት የሚኖረው ጎረቤት የመጽሐፉን ግማሽ ያህል ተጠርጥሮ ኖሯል እንበል። ሰዎች ሰላምታ ነስተውታል። እውነቱ ከወጣ በኋላ አንድ ሰው በሩን ማንኳኳት አለበት። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። የእህት ልጅ መጥታ «ግባ ትለኛለህ?» ብትለው ይበቃል። እንዲህ ያለ ትዕይንት ግማሽ ገጽ አይፈጅም፣ ግን የተሰበረውን መተማመን ሲጠገን በዓይናችን እናያለን።

ገዳዩ የግድ መያዝ አለበት?

መያዙ የግድ አይደለም። መታወቁ የግድ ነው።

ቅጣት በደንብ የታዘዘበት ዘመን ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት የነበረው የፊልም ደንብ ወንጀለኛው ሳይቀጣ የሚያልቅ ታሪክ እንዲወጣ አይፈልግም ነበር። ያ ደንብ እስከ 1968 ቆይቷል። በ1954 የወጣው የኮሚክ መጻሕፍት ደንብም ደጉ ሁልጊዜ ክፉውን እንዲያሸንፍ፣ ወንጀለኛውም ለጥፋቱ እንዲቀጣ በግልጽ ያዝዝ ነበር። ውጤቱን መገመት አያቅትም። አንዳንድ ታሪኮች መጨረሻቸው ላይ ቅጣት እንደ ቴምብር ይለጠፍባቸው ነበር። ተመልካች ደግሞ ልጥፍን ያውቃል። ከሴራው፣ ማለትም ከታሪኩ ክስተቶች ሰንሰለት፣ ውስጥ ያልበቀለ ቅጣት ማንንም አያሳርፍም።

አሁን ማንም አያስገድዳችሁም። ስለዚህ ቅጣቱን ከታሪኩ ውስጥ ፈልጉት። ሰዓት ሠሪውን የገደለው ረዳት ማስረጃ ስለጠፋ ፍርድ ቤት ለቀቀው እንበል። ሕግ ተሸነፈ ማለት ነው። እፎይታ ከየት ይምጣ? የእህት ልጅ ሱቁ በር ላይ ቆማ «አንተ መሆንህን አውቃለሁ። ሁሉም ያውቃል» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ሰዓቱን አውልቆ ለእሱ አይሰጥም። የገደለው ሱቁን ለመውረስ ነበር። ሙያው እጁ ላይ አለ፣ የሚሠራለት ሰው ግን የለም። ይህ ከእስራት ያላነሰ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም የመጣው ከራሱ ከወንጀሉ ነው።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ገዳዩ ነጻ ከሆነ ዳግም ሊገድል የሚችልበት በር ክፍት አይቅር። አንባቢ የልጅቷን ሕይወት በስጋት እያሰበ መጽሐፉን ከዘጋ፣ የጻፋችሁት ሌላ ዓይነት መጨረሻ ነው። ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ እፎይታ ግን የለውም።

ገዳዩን በገደል ወይም በመኪና አደጋ መገላገልንም አልወድም። ጸሐፊው ከውሳኔ ሸሽቷል የሚል ስሜት ይተዋል።

ገዳዩ አንባቢ የሚያዝንለት ሰው ከሆነስ?

ያኔ እፎይታው ከእውነት መውጣት ይመጣል። ምስጢር ይከብዳል። የደበቀውን ሰው ራሱን ያደቀዋል። እንዲህ ያለ ገዳይ ሲናዘዝ እሱም አንባቢውም አብረው ትንፋሽ ያወጣሉ። ጥፋቱን ግን አታቅልሉት። መርማሪዋ ልታዝንለት ትችላለች፤ ሟቹም ሰው እንደነበሩ መርሳት የለባትም። «ለምን እንዳደረግከው ገብቶኛል» እና «ልክ ነህ» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት የምትጠብቀው እሷ ናት።

መርማሪው ሁሉንም ሰብስቦ የሚያስረዳበት ትዕይንት ጊዜው አላለፈበትም?

ክፍል ውስጥ ሰው ሰብስቦ አንድ በአንድ መጠቆሙ በጣም ተለምዷል። ፍላጎቱ ግን አላረጀም። አንባቢ የተበታተነው ነገር አንድ ላይ ሲገጥም ማየት ይፈልጋል። መርማሪዋ ይህን ለአንድ ሰው ብቻ ብትናገረውስ? በጣም ማወቅ ለሚገባው ሰው ትንገረው። በእኛ ታሪክ ያ ሰው የእህት ልጅ ናት። ማብራሪያው ያኔ ከንግግር ይልቅ ስጦታ ይሆናል።

ማብራሪያው እንዲያሳርፍ ፍንጮቹ ቀድመው መኖር አለባቸው። ሮናልድ ኖክስ የተባለው እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመርማሪ ታሪክ አሥር ሕጎች አውጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ወንጀለኛው ከታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው እንዲሆን ያዛል። ሌላው ደግሞ መርማሪው በአጋጣሚ እንዳይረዳ ይከለክላል። ከአሥሩ አንዳንዶቹ ዛሬ አይሠሩም። እነዚህ ሁለቱ ግን ከእፎይታ ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ። ገዳዩ በመጨረሻው ምዕራፍ ከየት መጣ የማይባል እንግዳ ከሆነ፣ ወይም መርማሪዋ ደብዳቤውን እንዲያው በዕድል ካገኘችው፣ ዓለሙ ሥርዓት ያለው አይመስልም። ነገ ዕድል ባይኖርስ? አንባቢን የሚያሳርፈው እውነት በጥረት እንደሚገኝ ማየቱ ነው።

አርስቶትል ከ2300 ዓመታት በፊት ስለ ትራጄዲ ሲጽፍ ተመሳሳይ ነገር ብሏል። የሴራው መፍትሔ ከራሱ ከሴራው ይውጣ እንጂ በማሽን ከላይ በሚወርድ አምላክ አይምጣ አለ። በዚያ ዘመን ቴአትር አማልክትን በማንሻ ወደ መድረክ ማውረድ የተለመደ ነበር። የእኛ ዘመን ማንሻ ሳይታሰብ የሚደወል ስልክ ነው።

ምስጢሩ ከተፈታ በኋላ ምን ያህል ልጻፍ?

አብዛኛው ረቂቅ እዚህ ላይ ይቸኩላል። ጸሐፊው ደክሞታል፣ ጥያቄውም ተመልሷል፣ ስለዚህ ሁለት አንቀጽ ጽፎ ይወጣል። 300 ገጽ ሙሉ የተወጠረ ሰው ግን በሁለት አንቀጽ አይላላም። እኔ ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ ከ8 እስከ 12 ገጽ እተዋለሁ። ለአጭር ልብ ወለድ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ቁጥሩ ሕግ አይደለም። ስታነቡት ትንፋሻችሁ ረጋ ካለ ደርሳችኋል።

የዓረፍተ ነገሩ ፍጥነትም ይለወጥ። ታሪኩ ጫፍ በደረሰበት በጡዘቱ ጊዜ የተቆራረጠ አጻጻፍ ከነበረ፣ እዚህ ትንሽ ይርዘም። ሰዎች ይቀመጡ። መስኮት ይከፈት።

የመጨረሻው ትዕይንት ምን ላይ ይሁን?

ወንጀሉ ያቋረጠው አንድ የዘወትር ነገር ላይ። ከሁሉም መልሶቼ በጣም የማምንበት ይህ ነው።

ወደ ሰዓት ሠሪው ሱቅ እንመለስ። አዛውንቱ ሲሞቱ መደርደሪያው ላይ የሰው ሰዓቶች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ላይ በክር የታሰረች ትንሽ ወረቀት አለች፤ የባለቤቱ ስም በእሳቸው እጅ ተጽፎባታል። ፖሊስ ሱቁን ሲያሽግ ሰዓቶቹም አብረው ታሸጉ። በምርመራው ጊዜ ሁሉ ቆመዋል።

ገዳዩ ከተያዘ በኋላ የእህት ልጅ ቁልፉን ትረከባለች። ገብታ አቧራውን ትጠርጋለች። ከዚያ ሰዓቶቹን በከረጢት ይዛ ትወጣና አንድ በአንድ ለየባለቤቱ ታደርሳለች። አንዳንዱ ሰው ያለቅሳል። አንዱ ሒሳቡን ልክፈል ብሎ ይሟገታታል። ፊት ለፊት የሚኖረው ያ የተጠረጠረ ጎረቤትም የራሱን ይቀበላል። ከረጢቱ ውስጥ በመጨረሻ ወረቀት የሌላት አንዲት ሰዓት ትቀራለች። የአዛውንቱ የራሳቸው ናት። ልጅቷ ታጠነጥናትና ጆሮዋ ላይ ታደርጋታለች።

እዚህ ትዕይንት ውስጥ «ሰላም ተመለሰ» የሚል ቃል የለም። ማንም ስለ ፍትሕ አላወራም። ግን ሟቹ ታስበዋል፣ ሥራቸው ተጠናቋል፣ ሰዎች በር ከፍተው ተያይተዋል፣ ልጅቷም እጇ ላይ የምትሠራው ነገር አግኝታለች።

በእናንተ ታሪክ ውስጥ ይህን ለማግኘት ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ተመለሱ። ግድያው በተፈጸመበት ቀን ምን ተቋረጠ? ግማሽ የተጻፈ ደብዳቤ? ውሃ ሳይጠጣ የቀረ አትክልት? ከሰዓት በኋላ ይመጣል የተባለ ተማሪ? ያንን የሚቀጥለው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻችሁ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

ሁሉም ጥያቄ መመለስ አለበት?

ማን፣ ለምንና እንዴት የሚሉት ይመለሱ። የሌላው ጥቂቱ ክፍት ቢቀር ታሪኩ ሕይወት ይኖረዋል። መርማሪዋ ከጎረቤቱ ጋር ትቀራረብ ይሆን? አይታወቅም። ስጋት የሚፈጥር ጥያቄ ግን ክፍት አይቅር። በምሽት መስኮቱ ሥር የቆመው ሰው ማን እንደነበር ካልነገራችሁን፣ እኛ እዚያው መስኮት ሥር ቆመን እንቀራለን።

መጨረሻ ላይ አንድ ተጨማሪ ዱብ ዕዳ ባስገባስ?

የመጨረሻው ገጽ ላይ «ለካ እውነተኛው ገዳይ ሌላ ነው» የሚል ነገር ከመጣ የገነባችሁትን እፎይታ በእጃችሁ አፈረሳችሁት። ዓላማችሁ አንባቢን አስደንግጦ መሸኘት ከሆነ ይሁን። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ማግኘት ግን አይቻልም። መልካም ድንገቴ ግን አለ። ልጅቷ መሳቢያውን ስትከፍት አዛውንቱ ሱቁን በስሟ እንዳዞሩት የሚያሳይ ወረቀት ብታገኝ፣ ያ ድንገቴ ነው፤ እፎይታውንም ያጠብቀዋል። ታዲያ ቀድሞ ንግሩ፣ ማለትም አስቀድሞ የተጣለ ፍንጭ፣ ይኑርበት።

መጨረሻዬ ስብከት ወይም ማር የተቀባ ነገር እንዳይሆን እፈራለሁ።

ፍርሃቱ ጥሩ ነው። ማር የሚበዛው ጸሐፊው ሐዘኑን ሲሸሽ ነው። ሁሉም ተቃቅፎ ይስቃል፣ ሟቹ የሉም። መድኃኒቱ አንድ የጎደለ ነገር በትዕይንቱ መሐል መተው ነው። ባዶ ወንበር። ሊጠሩት የቃጣቸውና የተዉት ስም። ልጅቷ ሰዓቶቹን ስታደርስ አንዱ ደንበኛ ረስቶ «እሳቸው ደህና ናቸው?» ቢላት፣ ያ አንድ ሰከንድ መጨረሻውን ከማርነት ያድነዋል።

ስብከትን ለማስቀረት ደግሞ ቀላል ዘዴ አለኝ። የመጨረሻውን አንቀጽ ደምስሱና ያለ እሱ አንብቡት። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ከዚያ በፊት አልቆ ነበር።

ወንጀሉ በጣም ከባድ ሲሆን፣ ለምሳሌ ሟቹ ሕፃን ሲሆን፣ እፎይታ መስጠት ነውር አይሆንም?

በጥንቃቄ ካልተሠራ ይሆናል። እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ወላጅ «አሁን ቀለል አለኝ» ካለ አንባቢ አያምነውም፣ ይቆጣልም። እፎይታውን አሳንሱት። እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች። አባት የልጁን ስም ድምፁ ሳይቆረጥ ጠራ። ይህ ትንሽ ይመስላል፣ ለእነሱ ግን ተራራ ነው። ሕይወታቸው ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ቃል አትግቡ። ብቻቸውን እንዳልሆኑ አሳዩን።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልበል። አንባቢዎቻችሁ ውስጥ በእውነተኛ ሕይወታቸው ሰው የተገደለባቸው አሉ። ብዙዎቹ ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቁም። ጻፉ፣ ግን እነሱ አጠገባችሁ ተቀምጠው እንደሚያነቡ እያሰባችሁ ጻፉ።

ተከታታይ መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። እያንዳንዱ መጨረሻ ማሳረፍ አለበት?

የእያንዳንዱ መጽሐፍ ወንጀል በዚያው መጽሐፍ ይዘጋ። የመርማሪዋ የግል ሕይወት ይቀጥል። በተከታታይ ታሪክ ውስጥ አንባቢን ከሁሉ በላይ የሚያረጋጋው መርማሪዋ ራሷ መኖሯ ነው። አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1893 ራሱ የፈጠረውን መርማሪ ሼርሎክ ሆምስን በታሪኩ ውስጥ ሲገድለው አንባቢዎች እጅግ ተቆጡ። ደራሲው ከ1903 ጀምሮ በወጡ አዳዲስ ታሪኮች ከሞት አስነሳው። ሰዎቹ የተቆጡት ስለ አንድ መጽሐፍ መጨረሻ ብቻ አይመስለኝም። ክፉ ነገር ሲመጣ የሚጠሩት ሰው ነው የጠፋባቸው።

መጨረሻውን ቀድሜ ልጻፈው?

ገዳዩን ቀድማችሁ ብታውቁ ፍንጭ ለመዝራት ይመቻል። የመጨረሻውን ትዕይንት ግን እኔ አልቸኩልበትም። የሰዓቶቹ ወረቀቶች በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ እንዲያው ለመቼቱ፣ ማለትም ለታሪኩ ጊዜና ቦታ፣ ማሟያ የገቡ ነበሩ። ምን እንደሚሠሩልኝ የገባኝ መጨረሻው ላይ ስደርስ ነው። ከዚያ ወደኋላ ተመልሼ በሦስት ቦታ አጠናከርኳቸው።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርስ?

አጭር ይሁን። ዓይን የሚያየው ወይም ጆሮ የሚሰማው ነገር ይኑርበት። ያቺ ሰዓት «ቀጭ ቀጭ» ማለት ጀመረች ብትሉ በቂ ነው። ሰዓቷ የሕይወት መቀጠል ምልክት መሆኗን አታስረዱ። አንባቢ ገብቶታል።

መጨረሻዬ እንደሠራ በምን አውቃለሁ?

ታሪኩን ለማያውቅ አንድ ሰው ስጡት። «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ሰው ጨዋ ነው፣ አዎ ይላል። ከሁለት ቀን በኋላ «የእህት ልጅ አሁን ምን እየሠራች ይመስልሃል?» በሉት። «እኔ ምን አውቃለሁ» ካለ ወደ ጠረጴዛችሁ ተመለሱ። ትንሽ አስቦ «ሱቁን ከፍታ ተቀምጣለች፤ መጀመሪያ ሰሞን ሥራው ሳይከብዳት አይቀርም» ካለ፣ ረቂቁን አትንኩት።